የዋሪቱ ዶሪ አርባ ሦስት እግር ቲማቲም

ከመቱ ከተማ ቁልቁል፣ ውኃው ወደ ሶር ወንዝ በሚወርደው ጨፌ ላይ፣ ዐሥራ አራት አትክልተኞች በየበጋው ቲማቲም ይተክላሉ። ዐሥራ ሦስቱ ወንዶች ናቸው። ዐሥራ አራተኛዋ እትዬ ዋሪቱ ዶሪ ሲሆኑ፣ ይህን የምጽፈው ስለ እርሳቸው ነው። ስለ ታላላቅ ሰዎች የሚጽፉ ብዙዎች ስለሆኑ እኔ ብጨመር ቁጥር ከማብዛት በቀር የምፈይደው የለም። ከአራተኛ ክፍል ጀምሮ በትምህርት ቤታችን የአንደኝነትን ደረጃ ለማንም አስረክቤ አላውቅምና፣ ማን ከማን እንደሚበልጥ መመዘን እችላለሁ ብዬ አምናለሁ። ባለፈው ዓመት፣ በ፲፱፻፶፱ ዓ.ም. በጋ፣ በጨፌው ላይ የሆነውን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተከታትዬ ስመዝን፣ በአውራጃችን ከእትዬ ዋሪቱ የሚልቅ ተመራማሪ አላገኘሁም።

የተወለዱት በዳሪሙ ነው። ወደ መቱ የመጡት በዐሥራ ስድስት ዓመታቸው ኩማ ለሚባል ሰው ተድረው ሲሆን፣ ጊዜው ጣሊያን አገራችንን የያዘበት ነበር። ኩማ በአንድ የጣሊያን ሹም ግቢ አትክልት እየኮተኮተ ይኖር ነበርና፣ አንድ ቀን በጋቢው ጫፍ ሦስት ቀይ ፍሬ ቋጥሮ ወደ ቤቱ ገባ። አዲሲቱ ሙሽራ ፍሬውን አገላብጠው አሽትተው፣ «ያገባኸኝ እንቧይ ልታበላኝ ነው?» አሉት። እንቧይ በየአጥሩ ሥር የሚበቅል፣ ከብት እንኳ የማይነካው መራራ ፍሬ ነው፤ የቲማቲም ቅጠልና አበባም የእንቧይ ዘመድ መሆኑን ራሱ ይመሰክራል። ኩማ አንዱን ገምጦ አሳያቸው። እስከ ማግስቱ ሳይሞት ስለ ቀረ፣ የቀሩትን ሁለቱን እርሳቸው በሉ።

አገር ነፃ በወጣ ጊዜ ሹሙ ግቢውን ጥሎ ሄደ። የሰፈሩ ሰው ወደ ግቢው የገባው ቆርቆሮውን ለመንቀልና በሩን ለመሸከም ነበር። እትዬ ዋሪቱ ግን መሬት ላይ ወድቆ የበሰበሰ ቲማቲም በቅል ሞልተው ወጡ። «ሰው በር ሲያወጣ ዋሪቱ ብስባሽ አወጣች» ተብሎ ለዓመታት ተሳቀባቸው። በሩን ምስጥ ከበላው ሃያ ዓመት አልፎታል። ከዚያ ብስባሽ የተገኘው ዘር ግን ጨፌውን ሞልቶ፣ መጀመሪያ በጎሬ ላሉ የውጭ አገር ነጋዴዎች፣ ቀጥሎ ለመምህራንና ለጽሕፈት ቤት ሰዎች፣ በመጨረሻም በጾም ወራት ሥልስ ለሚያቁላላ ቤት ሁሉ የሚበቃ ሆነ። ኩማ ከሞተ በኋላም እትዬ ዋሪቱ ሁለት ሴቶች ልጆቻቸውን ያሳደጉት በዚሁ ነው።

በ፲፱፻፶፭ ዓ.ም. በጋ በጨፌው ላይ ከዚያ በፊት ያልታየ በሽታ ገባ። ችግኙ በደህና ይጸድቅና፣ ሊያብብ ሲል የላይኛው ቅጠል ጠርዙ ወደ ቢጫነት ይለወጣል። ከዚያ ወደ ላይ እየታጠፈ እንደ ማንኪያ ይጎደጉዳል፣ ይኮማተራል፤ ግንዱም ባለበት ይቆማል፣ አበባውም ይረግፋል። ሰው አመድ ነሰነሰ፣ የከብት ሽንት ረጨ፣ ትንባሆ ዘፍዝፎ አፈሰሰ። አንዱም አልረዳም። ዛሬ በመጽሐፍ እንደ ተማርኩት፣ ይህ ቫይረስ የሚባል፣ በትምህርት ቤታችን ማይክሮስኮፕ እንኳ የማይታይ ነገር የሚያመጣው በሽታ ነው። ከታመመው ተክል ወደ ጤነኛው የምታሻግረው፣ ቅጠሉን ሲነኩት እንደ ዱቄት ብን ብላ የምትነሣ ትንሽ ነጭ ዝንብ ናት። የታመመውን የሚፈውስ መድኃኒት የለም።

እትዬ ዋሪቱ መጽሐፉን አላነበቡም። ነገር ግን በዚያው ዓመት፣ ከቤታቸው ጀርባ ባለው የጥራጊ ክምር ላይ ማንም ያልተከለው አንድ እግር ቲማቲም በቅሎ አዩ። ነጯ ዝንብ ወርራዋለች፤ ቅጠሉ ግን እንደ ተዘረጋ ነው። ፍሬው ከቡና ፍሬ የማይበልጥና ጥርስ የሚያደነዝዝ ኮምጣጣ ነበር። ለገበያ የማይሆን ፍሬ ነው፤ ሌላ ሰው ቢሆን ነቅሎ ይጥለው ነበር። እርሳቸው ግን ከነአፈሩ አንሥተው፣ ፍሬዋ ትልቅ ከሆነችውና በበሽታው መካከል እየተንገዳገደች እስከ መጨረሻው ከቆመችው ከጣሊያኗ ቲማቲም አጠገብ ተከሉት። ንቦች ከአንዱ አበባ ወደ ሌላው ሲመላለሱ ቀኑን ሙሉ ቁጭ ብለው ይመለከቱ ነበር። «ንብ አማላጅ ናት፤ የሁለቱን ቤት ታውቃለች» ብለውኛል።

በተከታዩ ዓመት ከትልቋ ፍሬ የተገኘውን ዘር ዘሩ። ሁለት መቶ ያህል ችግኝ በቀለ፤ በሽታው መጥቶ ሲያልፍ ሳይኮማተሩ የቀሩት ስድስት ነበሩ። ከስድስቱ የአራቱ ፍሬ እንደ ጥራጊው ፍሬ ደቃቃ፣ የሁለቱ ግን እንደ እንኮይ ነበር። ሁለቱን ለዘር ያዙ። እዚህ ላይ ሥራቸው ከሌላው አትክልተኛ በሁለት ነገር እንደሚለይ መናገር ይገባኛል። ሌላው ሰው መጀመሪያ የደረሰውንና ያማረውን ፍሬ ለገበያ አውጥቶ፣ ለዘር የሚያስቀረው የወደቀውንና የተረፈውን ነው፤ እርሳቸው ግን ካማረው ፍሬ አንዱንም ለገበያ አያወጡም። ሁለተኛውም ከዘሩ መደብ መካከል የታመመውን ተክል ሆን ብለው አለመንቀላቸው ነው። ለምን ብዬ ስጠይቃቸው፣ «በሽታ መሃል ያልቆመ ጤነኛ፣ ጤነኛ መሆኑ በምን ይታወቃል?» አሉኝ።

እንዲህ እያሉ አራት በጋ ለቀሙ። በአራተኛው ክረምት ግን፣ የኢሉባቦርን ዝናብ የሚያውቅ ሁሉ እንደሚገምተው፣ ዘሩ የተቀመጠበት ቅል እርጥበት ገብቶት ሻገተ። ከሻጋታው የተረፈችውን ቁንጣሪ ዘር በሙሉ በኅዳር ዘሩ። ከዚያ ውስጥ ጸድቆ ያደገው አርባ ሦስት እግር ነበር። በመካከሉም እንደ ልማዳቸው፣ በሽታ እንዲፈትነው፣ ከጎረቤት ያመጡትን ጥቂት ተራ ችግኝ ተከሉ። የአርባ ሦስቱ ፍሬ የዶሮ እንቁላል አክሎ በየቅርንጫፉ ተንጠልጥሏል፤ ገና አረንጓዴ ነው። በጓዳቸው ሌላ ዘር የለም። የአራት ዓመት ልፋታቸው በሙሉ በእነዚያ አርባ ሦስት እግሮች ላይ ቆሞ ነበር።

በጥር አጋማሽ በሽታው ከመቼውም ብሶ ጨፌውን በሙሉ መታው። የእርሻ ባለሙያው አቶ ፈንታሁን ሊመለከት ወረደ። አቶ ፈንታሁን ወደ መቱ ከመጣ ሁለት ዓመቱ የሆነ፣ ካኪ ሸሚዙ ሁልጊዜ የተተኰሰ፣ ሥራውን የሚወድ ወጣት ነበር። ኦሮምኛም በገበያና በመንገድ ለምዶ፣ ያለ አስተርጓሚ እሠራለሁ እያለ ይኮራ ነበር። በየመደቡ ዞሮ፣ ሰዎችን አነጋግሮ፣ ማስታወሻውን ሞልቶ ተመለሰ። ከጥቂት ቀናት በኋላ ለዐሥራ አራቱም አትክልተኞች ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ደረሰ።

ማክሰኞ ከትምህርት ቤት ስመለስ እትዬ ዋሪቱ በራችን ላይ ቆመው አገኘኋቸው። እናቴ ዓያንቱ የመቱ ልጅ ናት፤ አባቴ ዳምጤ ከሰሜን ሸዋ የመጣ ሰው ነው። በቤታችን ሁለቱም ቋንቋ በአንድ ማዕድ ላይ ስለሚነገር፣ የሰፈሩ ሰው ወረቀት ሲደርሰው ወደ እኔ ይመጣል።

«አንቺ ዘውዴ፣ አንብቢልኝ» አሉ። «ማኅተሙን አይቼዋለሁ። ከማኅተሙ በላይ ያለውን ነው ያላየሁት።»

አነበብኩላቸው። በጨፌው ያለው ቲማቲም ሁሉ እስከ መጪው ዓርብ ድረስ ተነቅሎ እንዲቃጠል፣ ለሁለት ዓመትም እንዳይተከል ታዟል። በግርጌው እንዲህ የሚል ተጨምሮበታል፦ «ባለ አትክልቷ ዋሪቱ ዶሪ የዕፀዋቱን መታመምና መዳን በክፉ ዓይንና በመልካም ዓይን የምታመካኝ በመሆኗ፣ በይዞታዋ ለሚገኙት አርባ ሦስት እግሮች የተለየ አስተያየት ለማድረግ የሚያበቃ ምክንያት አልተገኘም። በተጨማሪም የታመሙ ዕፀዋትን ከጤነኞች መካከል ሳትነቅል በቸልተኝነት መተዋ ታይቷል።»

እውነቱን ለመናገር፣ እስከዚያ ድረስ ያነበብኩት በኀፍረት ነበር። የማከብራቸው ሴት እንዲህ ያለ ነገር መናገራቸው አሳዝኖኝ፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ ነበር።

«የመጨረሻውን ድገሚው» አሉ። ደገምኩት። «ማን ነው ስለ ዓይን ያወራው?»

«እርስዎ ነዎት፣ እንደ ወረቀቱ ከሆነ።»

«ወረቀቱ ይዋሻል። እኔ ስለ ፍሬው ነው የነገርኩት።»

«በምን ቋንቋ ነገሩት?»

«በአማርኛ ጀመርኩ። ሲያቻኩለኝ በራሴ አፍ ጨረስኩት። እሱም ገባኝ ገባኝ እያለ ራሱን ይነቀንቅ ነበር።»

«ቃል በቃል ምን አሉት?»

እትዬ ዋሪቱ ለደንቆሮ እንደሚናገር ሰው እያንዳንዱን ቃል ለይተው፣ «ዱራ ኢጃ ሀማ ቀባ ቱሬ፤ አማ ኢጃ ጋሪ ቀባ» አሉኝ።

ነገሩ ያን ጊዜ ገባኝ። በኦሮምኛ «ኢጃ» ማለት ዓይን ነው። ነገር ግን በተክል ላይ የሚንጠለጠለው ፍሬም «ኢጃ» ይባላል። እትዬ ዋሪቱ ያሉት፣ «ቀድሞ መጥፎ ፍሬ ነበረው፤ አሁን ጥሩ ፍሬ አለው» ነው፤ ይኸውም የአራት ዓመት ሥራቸው በአንዲት ዓረፍተ ነገር ተጠቅልሎ ማለት ነው። ባዕድ ቋንቋ የሚማር ሰው ደግሞ ከሁሉ አስቀድሞ የሚይዘው እጅ፣ እግር፣ ዓይን የሚባሉትን ነው። ስለዚህ አቶ ፈንታሁን የሰማው፣ «ቀድሞ ክፉ ዓይን ነበረበት፤ አሁን መልካም ዓይን አለው» የሚለውን ነበር። ሳቅ አመለጠኝ።

«ሳቂ» አሉኝ እትዬ ዋሪቱ። «ለዓርብ ሦስት ቀን ነው የቀረው።»

ከዚያም የባሰ ነገር ነበረ። ደብዳቤው በዚያው ዕለት ጠዋት፣ እርሳቸው በሌሉበት፣ ለሌሎቹ አትክልተኞች ጮክ ተብሎ ተነቦላቸው ነበር። የሁሉም ቲማቲም ታሞ የአንዲት ሴት ብቻ ጤነኛ ሆኖ ሳለ፣ በላዩ የዓይን ወሬ ሲጨመርበት፣ ሰው ምን እንደሚያስብ መገመት አያስቸግርም። የመደባቸው ጎረቤት ሽማግሌው ጋሼ ጅራታ ውኃ ሲቀዱ አግኝተዋቸው፣ «የኛን በልተሽ የራስሽን አሳደግሽ አሉ፤ እኔንስ መቼ ነው የምትበዪኝ?» ብለዋቸዋል። እንደ ቀልድ ነው ያሉት። ይሁንና በዚያ ውኃ መቅጃ የሳቀ ሰው እንዳልነበረ እትዬ ዋሪቱ ነገሩኝ።

በማግስቱ ረቡዕ የክፍል ፈቃድ ጠይቄ ከእትዬ ዋሪቱ ጋር ወደ አቶ ፈንታሁን ጽሕፈት ቤት ሄድኩ። ነገሩን በሥርዓቱ አስረዳሁት። እርሱ ብዕሩን አስቀምጦ ትክ ብሎ ተመለከተኝ።

«የስንተኛ ክፍል ተማሪ ነሽ?»

«የዐሥራ አንደኛ። ከክፍሌም አንደኛ ነኝ።»

«ስንተኛ እንደ ሆንሽ አልጠየቅሁሽም» አለና ወደ በሩ ዞሮ የጽሕፈት ቤቱን ዘበኛ ጠራ። «መገርሳ፣ ኢጃ ማለት ምንድን ነው?»

ጋሽ መገርሳ እጁን ወደ ፊቱ አንሥቶ ቀኝ ዓይኑን አመለከተ። አቶ ፈንታሁን ፈገግ አለ። እኔ ፈተና ላይ እንኳ እንዲህ ጨንቆኝ አያውቅም።

«ጋሽ መገርሳ፣ የቡና ኢጃ ሲባልስ?» አልኩት።

«እሱማ ፍሬው ነው» አለ። «ቡና ዓይን አለው እንዴ?»

አቶ ፈንታሁን የደብዳቤውን ቅጂ ከመሳቢያ አውጥቶ፣ ያችን መስመር ደጋግሞ አነበበ። ጆሮው ቀላ። እንደ ሌላ ሰው ግን አልካደም። «ይህን ስሕተት የሠራሁት እኔ ነኝ» አለ። ቀጥሎም ወደ እትዬ ዋሪቱ ዞሮ፣ «ቢሆንም እናቴ፣ ትእዛዙ አልተሳሳተም። ቅጠሉ ጤነኛ መስሎ በሽታውን በውስጡ ተሸክሞ የሚኖር ተክል አለ። የእርስዎ አርባ ሦስት እግሮች እንደዚያ ከሆኑ፣ ከተዋቸው ለከርሞም በሽታውን የሚያሳድሩት እነርሱ ናቸው። ፍሬውም ቢያምር ነገ እንደማይኮማተር ምን ዋስትና አለኝ?» አለ።

ይህ ብርቱ ክርክር ነበር። እኔ መልስ እየፈለግሁ ሳለ እትዬ ዋሪቱ ቀደሙኝ።

«ከእርስዎ ዘር አምጥተው ከመካከላቸው ይትከሉ» አሉ። «ያ በቆርቆሮ ታሽጎ የመጣውን፣ ጥሩ ነው የሚሉትን። የታመሙትም እዚያው ይቁሙ። ዝንቧ ለሁላችንም እኩል ናት፤ ደብዳቤ አታነብም። የኔ ከታመመ በራሴ እጅ ነቅዬ አቃጥለዋለሁ፤ ፍሬውንም ጭምር።»

«ስንት ቢታመም?»

«እርስዎ ይበሉ።»

«ከአርባ ሦስቱ አምስት።»

«አምስት ይሁን።»

«በአርባ ቀን።»

«አርባ ይሁን። አራት ዓመት ጠብቄ የለም?»

አቶ ፈንታሁን ግን የታዘዘ ነገር በቃል ብቻ እንደማይታገድ ተናገረ፤ ዋስ ያስፈልጋል። ዋሱም በጨፌው ላይ መሬት ያለው ሰው መሆን አለበት፤ እትዬ ዋሪቱ ቃላቸውን ቢያጥፉ ነቅሎ የሚያቃጥለው እርሱ ይሆናል፣ ካላደረገም የራሱን መደብ ለሁለት ዓመት ሳያርስ ይቀመጣል።

ሐሙስ ጠዋት ሁሉም በጨፌው ዳር ተሰበሰበ። አቶ ፈንታሁን በመጀመሪያ ስሕተቱን በሰው ፊት በአማርኛም በኦሮምኛም ተናገረ፤ እኔም እንደ ተስማማነው የቃሉን ሁለት ትርጕም አስረዳሁ። ከዚያ፣ «ዋስ ይጥሩ» አላቸው።

እትዬ ዋሪቱ ዐሥራ ሦስቱን ሰዎች በየተራ ተመለከቱ። ሰዎቹ መሬት መሬቱን አዩ። አንዱ ጉሮሮውን ጠረገ፤ ዋስ ሊሆን መስሎኝ ነበር፣ ምራቁን ሊተፋ ኖሯል። በመጨረሻ ጋሼ ጅራታ ከተቀመጡበት ጉቶ ላይ ዱላቸውን ተደግፈው ተነሡ።

«እኔ ነኝ» አሉ።

«አንተ? ትበላኛለች ስትል አልነበር?» አላቸው ከሰዎቹ አንዱ።

«ቲማቲሜ አልቋል። ሥጋዬንም ዕድሜ ወስዶታል። ከእንግዲህ ምን አገኝ ብላ ትበላኛለች?» አሉና ወደ እትዬ ዋሪቱ ዞሩ። «ደግሞም ስትለቅሚ አራት በጋ አይቼሻለሁ። ምን እንደምትሠሪ አልጠየቅሁሽም፤ ኩራት ነው ያልጠየቅሁሽ። አሁን ዋስሽ ነኝ፤ እንዳታሳፍሪኝ።»

በዚያው ቀን አቶ ፈንታሁን ከጽሕፈት ቤቱ የችግኝ መደብ፣ በቆርቆሮ ከመጣው ዘር የበቀለ ሃያ እግር አምጥቶ በአርባ ሦስቱ መካከል ተከለ። የሌሎቹ መደብ ዓርብ ዕለት ተነቅሎ ሲቃጠል፣ ጢሱ ጨፌውን አልፎ እስከ ከተማው ድረስ ሸፈነ። ሰዎቹ ከጢሱ ውስጥ ቆመው ወደ እርሳቸው መደብ ሲመለከቱ አይቻለሁ፤ ምን እንደሚያስቡ ግን ከፊታቸው ማንበብ አልቻልኩም።

በየሳምንቱ ቅዳሜ ደብተሬን ይዤ እወርድ ነበር። አቶ ፈንታሁን ሲቆጥር እኔ እጽፋለሁ፤ በኋላም ቁጥሩ እንዳይሳሳት እኔ ስቆጥር እርሱ እንዲጽፍ ጠየቅሁት፤ ተስማማ። በሁለተኛው ሳምንት መጨረሻ ከእርሱ ሃያ እግሮች የሦስቱ ጫፍ ቢጫ ሆነ። በሦስተኛው ሳምንት ዐሥራ አንድ ተኮማተሩ። የእትዬ ዋሪቱ መደብ በነጭ ዝንብ ተሸፍኖ ቅጠሉ እንደ ተዘረጋ ቆየ።

በሃያ አራተኛው ቀን ግን እትዬ ዋሪቱ ጎንበስ ብለው ከአርባ ሦስቱ አንዱን ለረጅም ጊዜ ተመለከቱ። ከዚያ ከነሥሩ ነቅለው ለአቶ ፈንታሁን ሰጡት። ጠርዙ በጥቂቱ ብቻ ታጥፎ ነበር፤ እኔ ሁለት ጊዜ አልፌው ሄጃለሁ፣ እርሱም አላየውም ነበር።

ጋሼ ጅራታ ከጉቷቸው ላይ፣ «ዋስሽ ነኝ እኮ» ብለው ጮኹ። «ያልታየውን ምን አሳየሽ?»

«የታመመ ደብቄ ጤነኛ ነው ብዬ ዘር አልሰጥም» አሉ እትዬ ዋሪቱ። «ይሄ ወደ ጣሊያኗ እናቱ ነው የሄደው።»

በሠላሳ አንደኛው ቀን ሁለተኛውን ነቀሉ። ያን ሌሊት እኔ ራሴ እንቅልፍ አጣሁ። ሁለት ነቅለዋል፤ ሦስት ቢጨመር ነገሩ አለቀ። በትምህርት ቤት በዚያ ሳምንት የሒሳብ ፈተና ነበረ፤ አንደኛ ወጣሁ፣ ነገር ግን በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ስለ ውጤቴ ሳልጠይቅ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

አርባኛው ቀን በመጋቢት መጀመሪያ፣ ዝናቡ ሊጥል ሲያስገመግም ዋለ። ዐሥራ ሦስቱም አትክልተኞች መጥተው ነበር። አቶ ፈንታሁን ቅጠል በቅጠል እያገላበጠ ከመደቡ ጫፍ እስከ ጫፍ ሄደ። ሲመለስ እንደገና ሄደ። በመጨረሻ ከእኔ ደብተሩን ተቀብሎ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበ፦

«ከውጭ ከመጣው ዘር ሃያ እግር፤ የታመመ ዐሥራ ዘጠኝ፣ በቁም የደረቀ አንድ። ከወይዘሮ ዋሪቱ ዶሪ ዘር አርባ ሦስት እግር፤ የታመመ ሁለት፣ ሁለቱም በባለቤቷ እጅ የተነቀሉ። አርባ አንዱ ጤነኛ።»

ማንም አላጨበጨበም። የጨፌው ሰው እንዲህ ያለ ልማድ የለውም። ነገር ግን ጋሼ ጅራታ ወደ መደቡ ገብተው፣ ከበሰሉት ፍሬዎች አንዱን ቆርጠው፣ በኩታቸው ጠርገው ገመጡት። አኘኩ፤ ዋጡ። ሁሉም ከአፋቸው የሚወጣውን ቃል ይጠብቅ ነበር።

«ጨው ቢኖር» አሉ።

ያን ጊዜ ሳቁ እንደ ጎርፍ ወረደ፤ እትዬ ዋሪቱም ከአርባ ቀን በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲስቁ አየሁ። አቶ ፈንታሁን ትእዛዙን ከዚያው ከመደቡ ዳር በብዕር አስተካከለ፤ የሁለት ዓመቱ ክልከላ ከዚህ ዘር ለሚተክል ሰው ቀረ። በሪፖርቱም ላይ «ባለ አትክልቷ» የሚለውን ሰርዞ «አዳቃይዋ» ብሎ ጻፈ። ቃሉ ምን ማለት እንደ ሆነ እትዬ ዋሪቱ ጠየቁኝ። ሁለት የተለያዩ ዘሮችን አጋብቶ የተሻለ ሦስተኛ የሚያወጣ ሰው ማለት ነው አልኳቸው። ጥቂት አሰቡና፣ «እሱ ለንቧ ነው የሚገባት፤ የኔ ሥራ መምረጥ ነው» አሉ። አቶ ፈንታሁን እንደገና ሰርዞ «መራጯ» አለው። ሪፖርቱ ሁለት ጊዜ የተሰረዘ ሆኖ ወደ በላይ አለቆች ሄደ፤ እንደገና ልገልብጠው ብዬ ብጠይቀውም እሺ አላለኝም።

ዘሩ ታጥቦ በአመድ ላይ ከደረቀ በኋላ አትክልተኞቹ አንድ በአንድ ወደ እትዬ ዋሪቱ ቤት መጡ። ለእያንዳንዱ ሲሰጡ አንድ ነገር ያስምሉት ነበር፦ ጠርዙ የታጠፈ ቅጠል ባየህ ቀን፣ ፍሬው ምንም ያህል ቢያምር፣ ትነቅለዋለህ። አንዱ፣ «ፍሬ የያዘ እንዴት ይነቀላል?» ቢላቸው ዘሩን ከመዳፉ መልሰው ወሰዱበት። እስኪምል ድረስም ሦስት ቀን አመላለሱት። ጋሼ ጅራታ ሲመጡ ግን ሳያስምሉ ሰጧቸው። «እኔስ?» ቢሉ፣ «አንተ አርባ ቀን ሙሉ ምለሃል» አሏቸው።

በዚህ ዓመት በ፲፱፻፷ ዓ.ም. በሽታው አልቀረም፤ ነጯም ዝንብ እንደ ልማዷ ከኅዳር ጀምሮ መጣች። በየመደቡ እዚህም እዚያም የተኮማተረ ተገኘ፣ ተነቀለም። የቀረው ግን ቆመ። በጥር መጨረሻ ጨፌው ከዳር እስከ ዳር ቀይ ነበር፤ የመቱ ገበያ አልበቃ ብሎት ከዐሥራ አራቱም መደብ የተለቀመው በሣጥን በሣጥን ሆኖ ወደ ጎሬ በሚሄድ የጭነት መኪና ላይ ተጫነ። እኔ ሣጥኖቹን ቈጥሬ ወረቀቱን ለሾፌሩ ስሰጥ፣ አትክልተኞቹ ከእነርሱ መካከል ማን ከጭነቱ ጋር እንደሚሄድ ይነጋገሩ ነበር። ነገሩ ብዙ አላከራከረም።

ጋሼ ጅራታ የጋቢናውን በር ከፍተው ያዙ። «ግቢ» አሏቸው እትዬ ዋሪቱን። «ከላይ ከሣጥኑ ጋር እሄዳለሁ ብትዪ ዋስነቴን አነሣለሁ።»

«የምን ዋስነት? አርባው ቀን ካለፈ ዓመት ሊሞላው ነው።»

«ማን አለቀ አለሽ? ግቢ፣ ሰው ይጠብቃል።»

እትዬ ዋሪቱ ነጠላቸውን ሰብሰብ አድርገው ወጡና ከሾፌሩ አጠገብ ተቀመጡ። በመስኮቱ ብቅ ብለው፣ እኔ በሚቀጥለው ዓመት ለከፍተኛ ትምህርት ስሄድ ምን ልማር እንዳሰብኩ ጠየቁኝ። ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም ነበር። «የተክል በሽታ» አልኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁና፣ «እንግዲያው ስትመለሺ ድንቹም ታሟል፤ እሱን ላንቺ ትቼልሻለሁ» አሉ። መኪናው ተነሥቶ ወደ ጎሬ አቀበት ዞረ፤ ዐሥራ ሦስቱም ሰዎች ከዓይን እስኪሰወር ድረስ ቆመው ሸኙት።